ፔፔሻን 14 ወር ተሸክሜ፦ የአንድ የቀድሞ ሚሊሽያ የተጠቃሚ ግምገማ

ፔፔሻ የሚባለውን ይህን የሶቭየት አውቶማቲክ መሣሪያ በገንዘቤ አልገዛሁትም። መስከረም 1970 ኮምቦልቻ ውስጥ ከግምጃ ቤት በፊርማ ተረክቤ፣ ኅዳር 1971 እዚያው በፊርማ መልሼዋለሁ። በመካከሉ ባሉት 14 ወራት በባቲና በሚሌ በኩል ወደ አሰብ የሚወርዱትንና ከአሰብ ጭነው የሚወጡትን መኪኖች ሳጅብ፣ የቦርከናን ድልድይ በተራ ስጠብቅ፣ አንዳንዴም ደሴ እናቴ ቤት ለአንድ ሌሊት ስገባ ከትከሻዬ አልወረደም። ያን ጊዜ 19 ዓመቴ ነበር። ስለ አንድ ዕቃ ጥቅምና ጉድለት ለመናገር 14 ወር የሚያንስ አይመስለኝም፤ ዕቃውን ከመለስኩ ግን ከ40 ዓመት በላይ ስላለፈና የማስታውሰውን ሁሉ ለማመን ስላልደፈርኩ፣ ይህን ከመጻፌ በፊት ሁለት የዚያን ዘመን ጓዶቼን አነጋግሬአለሁ። አንዱ እዚሁ ደሴ ሆጤ ሰፈር ይኖራል፤ ሌላው ኮምቦልቻ ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ የልጅ ልጄ ነው። ስልኩ ላይ በሚጫወተው ጌም ውስጥ ፔፔሻን አግኝቶ «አባባ፣ እርስዎ ይይዙት የነበረው ይኼ አይደል? ከሁሉም የሚበልጠው እኮ እሱ ነው» አለኝ። ስክሪኑ ላይ ያለው ወታደር መሣሪያውን ይዞ ድካም ሳያውቅ ይሮጣል፤ ጥይቱ ሲያልቅበት ጥይት መያዣውን ክብ ካዝና ነቅሎ ይጥልና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሌላ ሙሉ ካዝና ሰክቶ ተኩሱን ይቀጥላል። «ያንን ካዝና ማን ሞላለት?» ብዬ ብጠይቀው ጥያቄዬ ጨርሶ አልገባውም። ከዚህ በታች የምጽፈው በአመዛኙ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው።

ስሙን በተመለከተ፣ ፔፔሻ ያልነው እኛ አጣመን አይደለም። የመሣሪያው የሩሲያኛ መጠሪያ ፒስቶሌት-ፑሌሚዮት ሽፓጊና ሲሆን፣ የሦስቱ ቃላት መነሻ ፊደላት በሩሲያኛ ሲነበቡ ፔ፣ ፔ፣ ሻ ይላሉ። የሩሲያ ወታደሮች ደግሞ ይህንኑ አቆላምጠው ፓፓሻ፣ ማለትም አባዬ፣ ይሉት እንደነበር የሰማሁት ከመለስኩት በኋላ ነው። ንድፉ የጆርጂ ሽፓጊን ሥራ ነው፤ የሶቭየት ጦር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 መጨረሻ ተቀብሎት በ1941 በብዛት ይመረት ጀመር። የሚተኩሰው የጠመንጃ ጥይት ሳይሆን የሽጉጥ ነው፤ ቶካሬቭ ሽጉጥ የሚጎርሰውን 7.62 በ25 ሚሊሜትር ጥይት ነው የሚጎርሰው። የጋንታ መሪያችን ወገቡ ላይ ቶካሬቭ ስለነበረው፣ ጥይት ባነሰው ቁጥር መጥቶ «እስቲ ስምንት አበድሩኝ» ይለን ነበር፤ የሽጉጡ ካዝና የሚይዘው ስምንት ነውና። የተበደረውን ሲመልስ ያየ የለም።

መጀመሪያ ስረከበው አልወደድኩትም። አባቴ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቅሎት የኖረ ቤልጅግ ስለነበረው፣ የጠመንጃን ውበት የማውቀው በዚያ በተወለወለ እንጨትና በለሰለሰ ብረት ነው። የተሰጠኝ ግን ተጨፍልቆ የታጠፈ ወፍራም ቆርቆሮ፣ ብየዳው ሳይሞረድ የቀረ፣ ሰደፉ ደግሞ የችኮላ እጅ የጠረበው የሚመስል ነገር ነበር። አባቴ ተቀብሎ ግራ ቀኙን ካገላበጠ በኋላ «ይኼማ የጋራዥ ሥራ ነው» ብሎ መለሰልኝ። አልተሳሳተም፤ የተሠራውም ሆን ተብሎ እንደዚያ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ፔፔዴ የሚባለው መሣሪያ ብዙው ክፍል ከድፍን ብረት በማሽን እየተቆረጠ የሚወጣ በመሆኑ ረጅም ሰዓትና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልግ ነበር፤ ሽፓጊን አብዛኛው ክፍል በፕሬስ ተጨፍልቆ በብየዳና በሪቬት እንዲገጣጠም አድርጎ ስለነደፈው፣ ጦር መሣሪያ ሠርተው የማያውቁ ፋብሪካዎች ሳይቀሩ ሊያመርቱት ቻሉ። የበርሜሉ ውስጥ ግን በክሮም የተለበጠ ነው። የዚያችን ክሮም ዋጋ ያወቅኩት ቆይቼ ስለሆነ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ባዶውን 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 71 ጥይት የሚይዘው ክብ ካዝና ሞልቶ ሲሰካበት ወደ 5 ኪሎ ተኩል ይጠጋል፤ በወገብ የሚታሰሩት ትርፍ ካዝናዎች ደግሞ ሲሞሉ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ ለመድረስ የሚጎድላቸው ጥቂት ነው። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ሲታይ አያስፈራም። አንድ ቀን ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና አጥቼ የሐረጎን ዳገት በእግሬ ስወጣ ግን የከበደኝ ኪሎው ብቻ አልነበረም፤ ቅርፁም ነበር። ከመሣሪያው ሆድ ሥር እንደ እርጉዝ የተንጠለጠለው ካዝና፣ በጀርባ ሲያነግቱት ጠርዙ ኩላሊት ላይ ያርፋል፣ በደረት ሲያዞሩት ጨጓራ ይደቃል፣ በጎን ሲያደርጉት ደግሞ በየእርምጃው ከዳሌ አጥንት ጋር ይጋጫል። በዚያ ላይ ከፊት ለፊት እጅ የሚያርፍበት እንጨት የለውም። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የበርሜል ሽፋን እንዳይዙት ጥቂት ከተተኮሰ በኋላ ያቃጥላል፤ ካዝናውን ራሱን እንዳይጨብጡት ከቦታው ይነቃነቅና ጥይቱን አጣምሞ ያቀብላል። አሠልጣኞቻችን ካዝናውን መጨበጥ ክልክል ነው ይሉናል፤ ከማሠልጠኛ ከወጣን በኋላ ግን ካዝናውን ሳይጨብጥ የሚይዝ ሰው አላየሁም።

እናቴ መጀመሪያ ያየችው መሣሪያውን ሳይሆን ካዝናውን ነው። ከሸራ በተሰፋ ክብ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ መደቡ ላይ አስቀምጬው ወጥቼ ስመለስ፣ በሁለት እጇ ይዛ ክብደቱን እየለካች «ይኼ ድስት የማን ነው? ክዳኑን ማን ቆለፈው?» አለችኝ። ከዚያች ቀን በኋላ ለሁለቱ ጓዶቼ የካዝናው ስም ድስት ሆኖ ቀረ፤ ባለፈው ወር ስንገናኝም በዚያው ስም ነው የጠሩት።

ድስቱ እንዴት እንደሚሞላ በዝርዝር ልጻፍ፤ የዚህ መሣሪያ ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ባቲ ያደርንበትን አንድ ሌሊት አስታውሳለሁ። ሽርጤን ከመኪናው ሥር አንጥፌ፣ ፋኖሱን ብርሃኑ ከሩቅ እንዳይታይ በጎማው ከልዬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ክዳኑ ይነሳል። ውስጡ የቀንድ አውጣ ቤት የሚመስል ጠመዝማዛ ቦይ ነው፤ መካከሉ ላይ ጠንካራ ሞላ ያለው ተሽከርካሪ አለ። ተሽከርካሪውን ሞላው እስኪጨነቅ ድረስ፣ ቀጭ ቀጭ እያለ፣ ማዞር ያስፈልጋል። ከዚያ ጥይቶቹ አንድ በአንድ ቂጣቸው ወደ ታች፣ አፋቸው ወደ ላይ ሆኖ፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ እየነካ በውጭኛውና በውስጠኛው ቦይ ይደረደራሉ። 71 ጊዜ ማለት ነው። ተደርድረው ሲያልቁ ሞላው በቀስታ ተለቅቆ ጥይቶቹን ይገፋቸዋል፤ ከዚያም ክዳኑ ይዘጋል። ችግሩ ያለው «በቀስታ» በምትለው ቃል ላይ ነው። አውራ ጣት ላብ ካለበት ሞላው ያመልጥና ጥይቶቹን ይበትናቸዋል፤ በባቲ ሙቀት ደግሞ ላብ የሌለበት ጣት የለም። የሆጤው ጓደኛዬ በዚያ ሌሊት ይኸው ደረሰበት። አሸዋው ውስጥ በጉልበታችን እየዳህን ጨረቃ እስክትወጣ ስንፈልግ ቆይተን 69ኙን አገኘን። ሁለቱ ጥይቶች እስካሁን የመከራከሪያ ርዕሳችን ናቸው፤ እሱ 71 ሞልቼ ነበር ይላል፣ እኔ ከመጀመሪያውም 69 ነበሩ እላለሁ።

በአጠቃላይ አንድ ካዝና ለመሙላት፣ ተረጋግቼ በተቀመጥኩበት ሰዓት፣ ሻይ ተጥዶ ፈልቶ እስኪቀዳ ድረስ ያለውን ጊዜ ይወስድብኝ ነበር። ሲቆይ 71 መሙላታችንንም ተውነው። ሞላው እስከ መጨረሻው ሲጨነቅ አቀባበሉ ስለሚበላሽና መሣሪያው ጥይት እየነከሰ ስለሚቆም 65 ላይ ማቆም ይሻል ነበር። ሌላው ተጠቃሚ ሊያውቀው የሚገባ ጉድለት፣ የአንዱ መሣሪያ ካዝና ለሌላው ልክ አለመሆኑ ነው። የእኔ ሁለት ካዝናዎች ልክክ ብለው ይገቡ ነበር፤ የጓደኛዬን ብበደር ግን ወይ አልገባ ይላል ወይ እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዛል። ስለዚህ የየራሳችንን በምስማር ምልክት ጫርንበት። የጌሙ ወታደር ከወደቀ ጓዱ ላይ ካዝና አንስቶ ሲሰካ ሳይ የሳቅኩት ለዚህ ነው።

የኮምቦልቻው ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ስነግረው ትከሻውን ነቅንቆ «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም» አለኝ። እውነቱን ነው። ለእሱ የደረሰው 35 ጥይት የሚይዘው ጎበጥ ያለ ካዝና ነበር፤ ሩሲያውያን ራሳቸው በድስቱ ተማርረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 ያመጡት ነው። ያ ካዝና እንደማንኛውም ካዝና ከላይ በአውራ ጣት እየተጫኑ የሚሞላ፣ ቦርሳ ውስጥ ጠፍጠፍ ብሎ የሚገባ፣ መሣሪያውንም ከነጥይቱ ወደ 4.3 ኪሎ የሚያወርድ ነው። ስለዚህ እሱ ፔፔሻን ሲያነሳ ስለ አንድ ቀላልና ታዛዥ መሣሪያ ይናገራል፣ እኔና የሆጤው ደግሞ ስለ ሌላ። ሦስታችን ፒያሳ ቡና ላይ ተቀምጠን አቦሉ ሳይጠጣ የተጣላነው በዚሁ ነው። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ፔፔሻን ያለ ድስቱ ያገኘ ሰው ጥሩ ዕቃ አገኘ፣ ከነድስቱ ያገኘ ሰው ሁለት ሥራ አገኘ።

አተኳኮሱን በተመለከተ ብዙም ቅሬታ የለኝም። ከቃታው ፊት ለፊት፣ በቃታው ጠባቂ ብረት ውስጥ፣ ትንሽ መቀየሪያ አለች፤ ወደፊት ሲገፏት እሩምታ፣ ወደኋላ ሲስቧት ነጠላ ይሆናል። የሽጉጥ ጥይት ከባድ መሣሪያ ውስጥ ሲፈነዳ ትከሻን አይመታም፤ የበርሜሉ ሽፋን ጫፍ በሰያፍ የተቆረጠ ስለሆነ ጢሱን ወደ ላይ እየገፋ አፈሙዙን ባለበት ያቆየዋል። ቀለሁ የሚወጣው ወደ ጎን ሳይሆን በቀጥታ ወደ ላይ ነው፤ አጠገብዎ ተኝቶ የሚተኩስ ጓድ ካለ የጋለ ቀለህ በአንገትጌዎ ገብቶ ጀርባዎን ሊልስ ይችላል። ፍጥነቱ ግን ከልክ ያለፈ ነው። በደቂቃ 900 እስከ 1,000 ጥይት ይተፋል፤ ይህ ማለት ሻይ ተፈልቶ እስኪቀዳ ድረስ በጣቴ የደረደርኩት 71 ጥይት ከ5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ድምፁ ከሌሎች መሣሪያዎች ይለያል። ነጠላ ነጠላው ተለይቶ ስለማይሰማ፣ አቡጀዲ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲቀደድ የሚሰማውን ይመስላል።

በዚህ ነገር ላይ ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር የነበሩት ሰፈራችን የሚኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው፤ አሁን በሕይወት የሉም። ከ1943 እስከ 1945 ኮሪያ ከዘመቱት ሦስት የቃኘው ሻለቆች በአንዱ ውስጥ ነበሩ። መሣሪያዬን ይዤ በበራቸው ሳልፍ ጠሩኝና ካዝናውን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አድርገው «ይኼን ዕቃ እኔ የማውቀው ከወዲያ ማዶ ነው» አሉኝ። ቻይናዎቹ በዚሁ መሣሪያና በእሱ አምሳያ በሠሩት እየተኮሱ በሌሊት ይመጡባቸው እንደነበር ነገሩኝ። «ጋሼ፣ ታዲያ ምን ታደርጉ ነበር?» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ መልሰው ጠየቁኝ፦ «አንተ ይኼን ስትሞላው ምን ያህል ይፈጅብሃል?» ነገርኳቸው። ሳቅ አሉና «እኛም የምንጠብቀው እሷን ነበር፤ አቡጀዲው ተቀዶ ሲያልቅ ጸጥ ይላል፣ ያኔ እኛ እንነሳለን» አሉኝ። የአቡጀዲውን ምሳሌ የወሰድኩት ከእሳቸው ነው።

የኮምቦልቻው ጓደኛዬ ያችን ጸጥታ በገዛ እጁ የቀመሳት ቦርከና ድልድይ ላይ ነው፤ እሱ ባይወደውም እጽፈዋለሁ። ያን ሌሊት የእሱ ካዝና ጥገና ላይ ስለነበር የእኔን መሣሪያ ከነድስቱ ተውሶ ተረኛ ጠባቂ ሆነ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ከወንዙ ዳር ኮቴ ሰማና «ማነህ?» አለ፤ መልስ ሲያጣ ቃታውን ሳበ። ጣቱን እስኪያነሳ ድረስ ድስቱ ባዶ ሆነ። ሁላችንም ተነስተን ወደ ጨለማው ተጋደምን። ከዚያ ምንም የለም፤ የውሃው ድምፅ ብቻ። ትንሽ ቆይቶ ከማዶ ጅብ ጮኸ፤ ጩኸቱም የቆሰለ ጅብ ጩኸት አልነበረም። ጠዋት የጋንታ መሪያችን የተተኮሰው ጥይት በቀለህ እንዲቆጠር ስላዘዘ ሦስታችን እስከ ረፋዱ ሣር ስንመነጥር ዋልን። ወደ ላይ ተፈናጥረው በየአቅጣጫው የወደቁትን ቀለሆች ስንሰበስብ 66 ደረሱ። እኔ 71 ሞልቼ እንዳልሰጠሁት፣ 65 ላይ ማቆም ልማዴ እንደነበር ለመሐላ ዝግጁ ነኝ። ታዲያ 66ኛው ከየት መጣ? ጓደኛዬ ደግሞ እስከ ዛሬ መሣሪያው አርባኛው ላይ ነክሶበት እንደነበርና ሰውየውም ጅብ እንዳልነበረ ይናገራል። ባለፈው ወር «ወላሂ፣ ሰው ነው» ብሎ ስኒውን አስቀመጠ። «አብሽር፣ ሰው ከሆነ አመለጠ» አልኩት።

የርቀት ነገር የዚህ መሣሪያ ትልቁ ድክመት ነው። የእኔ ማነጣጠሪያ ለ100 እና ለ200 ሜትር የሚገለበጥ ሁለት ክንፍ ነበረው፤ ቀደም ሲል የተሠሩት እስከ 500 ሜትር የተከፋፈለ ማነጣጠሪያ አላቸው፤ እሱ የሠሪዎቹ ምኞት ነው። በከተማ ጦርነት፣ ከቤት ወደ ቤት፣ ከቦይ ወደ ቦይ፣ ለሚዋጋ ሰው የተሠራ ዕቃ ከባቲ ወደ ሚሌ ወዳለው ገላጣ አገር ሲወርድ ሙያው ያልቃል። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከግራችን ካለ ኮረብታ ተተኮሰብን። ርቀቱ 400 ሜትር ያህል ይሆናል። ከመኪናው ጎማ ሥር ሆኜ በነጠላም በእሩምታም ሞከርኩ፤ ጥይቶቼ ከኮረብታው ግማሽ በታች አፈር ሲያቦኑ በዓይኔ አየሁ። አጠገቤ ያለው ሲሞኖቭ ጠመንጃ የያዘ ጓድ አሥር ጥይቱን ረጋ ብሎ እየተኮሰ «አንተ ተው፣ ለአጠገብ አስቀምጥልን» አለኝ። ስድብ አልነበረም፤ የመሣሪያው ትክክለኛ የአጠቃቀም መመሪያ ነበር።

ስለ ደኅንነቱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጥይቱን የሚገፋውና የሚመታው አንድ ከባድ ተንሸራታች ብረት ነው፤ መሣሪያው ሲቀባበል ይህ ብረት ወደኋላ ተስቦ ይቆማል፣ ቃታ ሲሳብ ወደፊት ይወረወራል። ካዝና ተሰክቶ ብረቱ ከፊት ባለበት ሰደፉ መሬት ቢመታ፣ ብረቱ በራሱ ክብደት ወደኋላ ተንሸራትቶ ሊመለስና ጥይት ሊጎርስ ይችላል። ይህን የሚከላከለው ማቀባበያው ላይ ያለች የጣት ጥፍር የምታህል መቆለፊያ ናት። የሆጤው ጓደኛዬ አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ መግቢያ ላይ ከኤንትሬ ፊያት ጭነት ላይ ሲዘል መቆለፊያዋን አልገፋትም ነበር። ሰደፉ ድንጋይ መታ፣ አንድ ጥይት ወጣ፣ የመኪናውን ሸራ ከታች ወደ ላይ በስቶ ሄደ። ሰው አልተነካም። ግመሎቹ ግን ገመዳቸውን በጥሰው ተበተኑ፤ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ ግመል ስንሰበስብና ባለቤቶቹን ይቅርታ ስንለምን ዋልን። ከዚያ በኋላ መኪና ላይ ስንወጣ ካዝና መንቀል ልማዳችን ሆነ።

አየር ጠባይ ላይ ግን የተመሰገነ ነው። ደሴ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በሚውልበት ወቅት፣ ጠዋት ሸሚዝ እንኳ እርጥብ በሆነበት ሰዓት፣ የውጭው ብረት በሁለት ቀን ቀይ ዝገት ያወጣል፤ የበርሜሉ ውስጥ ግን ንጹሕ ነው። ክሮሟ ያልኳችሁ ይህች ናት። የያኔው የሶቭየት ጥይት መቀስቀሻ ውሃ የሚስብ ጨው እየተወ ስለሚሄድ፣ ተተኩሶ ሳይታጠብ ያደረ ተራ በርሜል ይበላ ነበር፤ እኛ ለሻይ ከፈላው ውሃ ቀንሰን በሳሙና እናጥበውና ደረቅ ጨርቅ እናሳልፍበት ነበር። ለመወልወል መፍታቱም ቀላል ነው። ከኋላ ያለውን መቆለፊያ ሲጫኑት ጀርባው እንደ ሻንጣ ይከፈታል፤ የሚወጣው ተንሸራታቹ ብረትና ሞላው ብቻ ስለሆነ በጨለማም ቢሆን የሚጠፋ ነገር የለም። ቆላ ሲወርዱ ትልቁ ስህተት ዘይት ማብዛት ነው፤ ዘይቱ ከአቧራው ጋር ተቦክቶ ጭቃ ይሆናል። ባቲን ካለፍን በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጠርገን ያለ ዘይት እንይዘው ነበር፤ አንድም ጊዜ በአቧራ ምክንያት አልነከሰብኝም። የነከሰብኝ ሁልጊዜ በድስቱ ነው።

የምታልቅ አንዲት ክፍል አለችው። ተንሸራታቹ ብረት ወደኋላ ሲመጣ የመሣሪያውን ጀርባ እንዳይደቃው የምትከላከል ከተጨመቀ ፋይበር የተሠራች ቁራጭ ናት፤ ስትፈርስ መሣሪያው ሲተኩስ ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማል። መለዋወጫ ባልነበረበት ጊዜ የኮምቦልቻው ጓደኛዬ ከአሮጌ ቡትስ ቆዳ ሦስት ድርብ ቆርጦ፣ ሰፍቶ አስገባባት። የመሣሪያ ጠጋኛችን ባየው ጊዜ «የመንግሥት ንብረት ላይ ጫማ ትሰፋለህ?» ብሎ ተቆጣው። በሳምንቱ መጥቶ ሌላ አራት እንዲሠራለት ለመነው።

ኅዳር 1971 ክላሽ ሲመጣልን ፔፔሻዎቹ ተሰበሰቡ። ክላሹ 30 ጥይቱን ይዞ ከባለ ድስቱ ፔፔሻ ቀሎ ስናገኘው፣ ጥይቱም የጠመንጃ አቅም ያለው ሆኖ ስናየው፣ ያዘነ ሰው አላስታውስም። ግምጃ ቤቱ ውስጥ መሣሪያዬን በቁጥሩ፣ ሁለቱን ካዝናዎች ከምስማር ምልክታቸው ጋር፣ የዘይት ዕቃውንና መወልወያውን አስረከብኩ። አንድ የካዝና ከረጢት ግን ጎደለ። መኪናው ላይ ጥዬው ይሆናል ብዬ ተከራከርኩ፤ ሰሚ አላገኘሁም፤ ከአበሌ 3 ብር ተቆረጠ። ያን ጊዜ 3 ብር ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ከረጢቱን ያገኘሁት እናቴ ካረፈች በኋላ ሳጥኗን ስንከፍት ነው። ሸራው ከነቀለሙ አለ፤ ክዳኑን የሚይዘው የቆዳ ማሰሪያም አልተበጠሰም። ውስጡ የቡና ስኒዎቿ በቁራጭ ነጠላ ተለያይተው ተደርድረዋል። ባለቤቴ እንደነበረው አቆየችው፤ እሁድ እሁድ ቡና ሲፈላ ከዚያው ይወጣሉ፣ ታጥበውም ወደዚያው ይመለሳሉ። ስድስት ስኒ ይይዛል፤ ሰባተኛው አይገባም።